ከሳይክል መውረድ

የቆቦ ፀሐይ ኅዳር ላይም አትራራም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እኔና ጋሼ ግቢው ውስጥ ካለችው ኒም ጥላ ሥር በርጩማ ስበን ተቀምጠናል። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በራያ ገጠር ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ያኔ ሥራ ይመላለሱባት የነበረችው ሳይክል ከማድ ቤቱ ግድግዳ ተደግፋ ዓመታት ቆማለች፤ ካቴናዋ ዝጓል፣ ጎማዋ ተኝቷል። ከፈረንሳይ ለእረፍት ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ጠዋት ሳይክሏን ገልብጬ ስጠርግ አይተው ዝም ብለውኝ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጠየቁኝ።

ጋሼ፦ እናትሽ የነገረችኝ እውነት ነው? የሚጠብቅሽ ዘመድ ሳይኖር፣ የምትሸጪው ነገር ሳይኖር፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳይክል ነዳሽ?

እኔ፦ እውነት ነው ጋሼ። ከኦርሌያን ተነሥቼ የሎዋርን ወንዝ ተከትዬ ናንት ገባሁ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጋሼ፦ ከዚህ ደሴ ደርሰሽ ብትመለሺ እንኳ ያን ያህል አይሞላም። ባቡር የለም እንዴ?

እኔ፦ አለ እንጂ፤ በባቡርማ ግማሽ ቀንም አይፈጅ። ናንት ስድስት ዓመት ስኖር በባቡሩ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። የማስታውሰው ግን መስኮቱን ብቻ ነው። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት እረፍቷን በየዓመቱ በሳይክል ነው የምታሳልፈው። «ይህን ሁሉ ዓመት ኖረሽ አገራችንን አላየሽም» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ያረጀ ሳይክሏን አዋሰችኝ፤ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች ጨመረችልኝና ሄድኩ።

ጋሼ፦ እስቲ መንገዱን ንገሪኝ። ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አትላንቲክ ይገባል ብዬ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ በላይ አላውቀውም።

እኔ፦ ለሳይክል ተብሎ የተዘጋጀ መንገድ አለው፤ ከኔቬር ከተማ አካባቢ እስከ ባሕሩ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። እኔ የነዳሁት ግማሹን እንኳ አይሆንም። ወንዙ ሲሞላ አገር ያጥለቀልቅ ስለነበር ለብዙ መቶ ዓመታት በዳርና ዳር አፈር እየቆለሉ ከልለውታል። ብዙ ቦታ ላይ ሳይክሉ የሚሄደው በዚያ የአፈር ቁልል አናት ነው። በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላው በኩል የወይን ማሳውና መንደሩ ከታች ይታይሻል። ሶሚር ወደሚባለው ከተማ ስትጠጊ ደግሞ ገደሉ ሁሉ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ሰው እየፈለፈለ ቤት ሠርቶበታል፣ ወይን ያከማችበታል፣ እንጉዳይ ያበቅልበታል። ከእነዚያ ዋሻዎች አንዱ በር ላይ ቆሜ ላሊበላን አሰብኩ። እዚህ ተራራ ማዶ ያለውን ሳላይ ማደጌ እዚያ ቆጨኝ።

ጋሼ፦ ጎርፉን ከለሉት አልሽኝ። የራያ ገበሬ ግን ይጠልፈዋል። አስታውሺ፤ ምዕራቡ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሆርማት ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ገበሬው በሌሊት አካፋውን ይዞ ይወጣና ከደረቁ ወንዝ ወደ ማሳው ይመራዋል። አንድ ጥሩ ጎርፍ ያጠጣው መሬት ማሽላውን ያደርሳል። ይህ ሜዳ ራሱ ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። ይህን ከመኪና መስኮት ሆኖ ማን ያያል? መኪና ለወንዙ ድልድዩን ብቻ ነው የሚያውቀው።

እኔ፦ እኔም የምለው ይህን ነው። ሳይክል ላይ ሆነሽ ዳገቱን በጉልበትሽ ታውቂዋለሽ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ማሳ አዲስ እንደታጨደ፣ በየትኛው ቤት ዳቦ እንደሚጋገር በአፍንጫሽ ትለዪዋለሽ።

ጋሼ፦ መንደሮቹስ? ሰው አላቸው?

እኔ፦ አላቸው፤ ግን ሰዉ ቤቱ ነው። ትንሿ መንደር እንኳ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ማዘጋጃ ቤቷና የተተከለ አበባዋ አይቀርባትም። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ሰኞ ቀን ደግሞ ጭራሽ የማይከፍት ብዙ ነው። በሁለተኛው ቀን ውሃ አለቀብኝና አንድ መንደር ውስጥ ስዞር አንድ ሰው እንኳ አጣሁ። በኋላ ነው ሳይክለኞቹ ሁሉ የሚያውቁትን ዘዴ የተማርኩት። ውሃ ሲጠፋ መቃብር ቦታ ይፈለጋል።

ጋሼ፦ መቃብር?

እኔ፦ መቃብሩ ላይ ያለውን አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ አለ። «የማይጠጣ» የሚል ካልተጻፈበት ይቀዳል። የመቃብሩ በር አይቆለፍም፤ ጥላም አለው።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ሕያዋን በራቸው ላይ እያሉ ውሃ ከሙታን ይለመናል? አንዱን ቤት አታንኳኪም?

እኔ፦ ክፋት አይደለም ጋሼ። ያለ ቀጠሮ የሰው በር አይንኳኳም፤ ልማዳቸው ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙሽ ግን «ቦንዡር» ሳይሉ አያልፉም። ገበሬው ከትራክተሩ ላይ እጁን ያነሣል፣ አንቺም ከሳይክልሽ ላይ ታነሺያለሽ፣ ተላለፋችሁ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። አራተኛው ቀን ላይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ መቶ ሰው ሰላም ብዬ ከአንድም ሰው ጋር እንዳልተነጋገርኩ ገባኝ።

ጋሼ፦ ሰላምታ እንዲያ አይደለማ። እኔ ያቺን ሳይክል የገዛሁ ሰሞን ምን እንደገጠመኝ ልንገርሽ። ከሮቢት ወደዚህ ስመጣ አንድ ሽማግሌ በሬ ይዘው ይመጣሉ። «እንደምን ዋሉ» አልኳቸው፤ እሳቸው «እንደምን ዋልክ፣ እንዴት ነህ፣ ቤቱ ሰላም ነው» ብለው ሲጀምሩ እኔ ሩቅ ደርሻለሁ። ወደኋላ ዞር ብል መንገዱ መሃል ቆመው፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ፣ ያልጨረሱትን ሰላምታ ይዘው ያዩኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በማግሥቱ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ? «በቅሎ ላይ ያለ ሰው ይወርድ ነበር፤ ይኸኛው አያስወርድም ወይ?»

እኔ፦ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ጋሼ፦ ከዚያ ወዲያ ደንብ አደረግሁት። አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ለሸህ፣ ለቄስ፣ ለሽማግሌ ይወርዱ ነበር፤ ለቅሶ ያለበት ደጅ ሲያልፉ ይወርዱ ነበር። እኔም ሳይክሌን በቅሎ ናት አልኩና መውረድ ጀመርኩ። ትምህርት ቤት የማረፍድበት ቀን በዛ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የዚያን መንገድ ሰው ሁሉ በስሙ አወቅሁት። ተማሪ ሲቀርብኝ ለምን እንደቀረ ከርዕሰ መምህሩ በፊት የምሰማው እኔ ነበርኩ፤ ማን ታመመ፣ የማን ከብት ጠፋ፣ የማን ማሽላ በአቀንጭራ ተበላ።

እኔ፦ እኔም አንድ ቀን ወርጃለሁ። ከሶሚር አለፍ ብሎ ካለች መንደር አንዲት ሴትዮ ደጃቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል። አያቴ መሰሉኝና ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ፣ ወረድኩ። ደነገጡ፤ የተበላሸብኝ ነገር አለ ብለው ነው። «አይ፣ ሰላም ልልዎት ነው» አልኳቸው። ለመቀመጥ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ወንበር አወጡልኝ። አብሬያቸው ባቄላ ስፈለፍል አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ መሃል መንደሩ ላይ ወዳለው ሐውልት ወሰዱኝ።

ጋሼ፦ የምን ሐውልት?

እኔ፦ በየመንደሩ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት የሞቱትን ልጆቻቸውን ስም በድንጋይ ላይ ቀርጸው አቁመዋል። ሃምሳ ቤት የሌላት መንደር ሃያ ስም ታገኚባታለሽ። የአንድ ቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይደጋገማል። ፈረንሳይ በዚያ ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ በላይ ወታደር ነው የሞተባት። ይህንን ቁጥር መጽሐፍ ላይ አይቼው ነበር፣ ምንም አላለኝም። ሴትዮዋ ግን በጣታቸው አንዱን ስም ነክተው «ይህ የአባቴ ወንድም ነው፤ አይቼው አላውቅም» ሲሉኝ ገባኝ።

ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ሲኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ። ከቤቱ ኋላ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

ጋሼ፦ እዚህም ድንጋይ ቢቆም ስም አይጠፋም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ይህች ከተማ በየቤቱ አልቅሳለች። ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት። ስማቸውን በተቀመጡበት ወንበር ተራ ነው የማስታውሰው። (ሲኒውን አስቀመጡ።) ተዪው፤ ወደ መንገድሽ ተመለሺ።

እኔ፦ አልተውም ጋሼ፤ ይህም መንገዱ ውስጥ ያለ ነው። እንዲያውም ሌላ ነገር ልንገርዎት። ፈረንሳዮች ለእረፍት በሳይክል ገጠር መውጣትን ሕዝባዊ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከዚያ በፊትም ነበር፤ ሴንት ኤትየን ውስጥ «ቬሎሲዮ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰው በ1887 የሳይክል መጽሔት አቋቁሞ ሰዉን ተራራ ለተራራ ያስዞር ነበር። ሳትራብ ብላ፣ ሳትጠማ ጠጣ እያለ የሚመክረው እሱ ነው። ለሠራተኛው ግን ጊዜ አልነበረውም። በ1936 ሰኔ ላይ የሁለት ሳምንት እረፍት ከነደመወዙ በሕግ ተፈቀደ። በዚያ ክረምት ባልና ሚስቱ በአንድ ሳይክል ፊትና ኋላ ተቀምጠው ባሕር ሊያዩ ወጡ። ፎቶግራፋቸው ዛሬም በየቦታው ተሰቅሏል፤ ይስቃሉ።

ጋሼ፦ 1936? በእኛ 1928 ነዋ! መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት የተደረገበት። ጦሩ በኮረም በአሸንጌ በኩል ሲመለስ ጣሊያን ከአውሮፕላን መርዝ ያዘነበበት። እነሱ ለሽርሽር የወጡበት ክረምትና የእኛ ሰው ከዚህ ተራራ የወረደበት በልግ አንድ ዓመት ነው ማለት ነው። ኋላ ያው ጣሊያን ጦሩን ሊያጓጉዝ ይህን መንገድ ጠረገ፤ ግራት ካሕሱን በጠመዝማዛ አሳልፎ አላማጣን ከኮረም አገናኘ። እኔ በሳይክል የሄድኩበት መንገድ እሱ ነው። ለሽርሽር አልተሠራም።

እኔ፦ ግራት ካሕሱን በሳይክል ወጥተዋል?

ጋሼ፦ መውጣቱንስ አልዋሽሽም፤ ሳይክሏን አይሱዙ ላይ ጭኜ ነው ኮረም የደረስኩት። በቁልቁለቱ ግን ወርጄዋለሁ። ከደጋው ብርድ ተነሥቼ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ባለፍኩ ቁጥር አየሩ ይሞቃል። መጀመሪያ ገብስ፣ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ የራያ ሜዳ እንደ ተዘረጋ ምንጣፍ፣ ከማዶ የዞብል ተራራ። ስለ አየር ንብረት ቀጠና ዓመቱን ሙሉ የማስተምረውን በአንድ ሰዓት ወረድኩት። አላማጣ ስደርስ ፍሬኑ ጎማ ይሸታል፣ እጄ አይዘረጋም።

እኔ፦ ፈረንሳዮች አልፕ ዱዌዝ የሚሉት ዳገት አላቸው፤ ሃያ አንድ ጠመዝማዛ ነው፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ሰው መጥቶ ይወጣዋል። ቱርማሌ የሚባለው ዝነኛ ዳገታቸው አናቱ 2,115 ሜትር ነው። ኮረም ከተማ ከዚያ በላይ ናት! ሰው ገበያ የሚውልባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄድባት ከተማ።

ጋሼ፦ የእኛ ልጆችስ እዚያ ተወዳድረው የለም?

እኔ፦ አሉ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የቱር ደ ፍራንስን ውድድር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ጋሼ፦ ከእሱ በፊት ገረመው ደምቦባ አለ። ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ሰው አበበ ቢቂላን ያስታውሳል፤ አበበ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሜልቦርን ላይ የእኛ ሳይክለኞች 187 ኪሎ ሜትር ጋልበዋል፤ ገረመው 24ኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ደግሞ ጣሊያናዊ ነበር፣ ባልዲኒ የሚባል። ከማይጨው ሃያ ዓመት በኋላ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን መጋለባቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለተማሪዎቼ ሁሌ እነግራቸው ነበር።

እኔ፦ እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ጋሼ፦ ሆኖም እሽቅድምድም ሌላ ነው፤ ተሽቀዳዳሚ አገር አያይም፣ የፊተኛውን ጀርባ ነው የሚያይ። አንቺ አሁን ሳይክሌን የምትጠርጊው ለምንድን ነው? እሱን ንገሪኝ።

እኔ፦ ከወልድያ ተነሥቼ አላውሃን ተሻግሬ፣ በጎብዬና በሮቢት አድርጌ ቆቦ፣ ከቆቦ አላማጣ፣ ከዚያ ኮረም ልሄድ አስቤ ነበር። የሰው አገር ዘጠኝ ቀን ነድቼ የአባቴን አገር አለማየቴ አሳፈረኝ።

ጋሼ፦ አሁን? ብቻሽን?

እኔ፦ ሴት ስለሆንኩ ነው?

ጋሼ፦ ሴት ስለሆንሽም፣ ጊዜው ስለሆነም። አልደብቅሽም፤ ልጄ ብትሆኚም ወንድ ብትሆኚም ይህን ዓመት ኮረም ድረስ ሂጂ አልልም። መንገድ ሰላም ይፈልጋል።

እኔ፦ ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 በፈረንሳይ ዳርቻ ከደንከርክ በሳይክል ተነሥታ ብቻዋን ሕንድ ገብታለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እኛ አገር ስትመጣ ግን ሳይክሏን አላመጣችም። ከምፅዋ ተነሥታ፣ በቅሎ ይዛ፣ በእግሯ ሰሜኑን አቋርጣ አዲስ አበባ ደረሰች። መጽሐፍም ጻፈችበት።

ጋሼ፦ አዋቂ ናት! አገሩ የሚጠይቀውን ይዛ መጣች። በበቅሎ የሄደ ሰው መውረድን ይማራል።

እኔ፦ ከዚያ ወዲህም በሳይክል ያቋረጡን አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱ ፈረንጆች በመተማ ገብተው በጎንደር፣ በባሕር ዳር አልፈዋል። ብዙዎቹ አገሩ ውብ ነው፣ ልጆቹ ግን ድንጋይ ይወረውራሉ ብለው ጽፈዋል። እኔ ፈረንሳይ ሆኜ ሳነበው ፊቴ ቀላ። «ዩ! ዩ!» እያሉ፣ «ሃይላንድ!» እያሉ ይከተሏቸው ነበር።

ጋሼ፦ ባዶ ላስቲኩን ነዋ የሚለምኑ፤ ትምህርት ቤት ውሃ የሚይዙበት እሱ ነው። ድንጋዩ ግን ነውር ነው፤ አልከላከልለትም። ልጆቼን ቀጥቼበታለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አስቢ። ልጁ ማማ ላይ ቆሞ ከጠዋት እስከ ማታ ግሪሳ ያባርራል፤ ወንጭፉ እጁ ላይ ነው። በፊቱ ዓይኑን በጥቁር መነጽር የሸፈነ ሰው ሳያየው ሽው ብሎ ያልፋል። ነገ ሌላው ያልፋል። ሰው መሆናቸውን በምን ይወቅ? አንዱ ወርዶ «እንዴት ዋልክ፣ ወፉ አስቸገረህ?» ቢለው ይወረውር ነበር?

እኔ፦ ጋሼ፣ ይህ በከፊል ነው የሚያሳምነኝ። የደከመ መንገደኛ ዳገት ላይ ለሃምሳ ልጅ ሊወርድ አይችልም። እኔ ራሴ ከዚህ አላማጣ መንገድ ላይ ያለችው ዋጃ ለመድረስ ለአገኘሁት ሁሉ ብወርድ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ትደርሳለች።

ጋሼ፦ ትድረስ። ዋጃ የት ትሄዳለች?

እኔ፦ እርስዎ ጉልበትዎ ጠንካራ ሳለ ነው የወረዱት።

ጋሼ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ለሁሉም አይወረድም። ለልጅ እጅሽን አንሺ፣ ስሙን ጠይቂው። ለሽማግሌ ግን ውረጂ። እንግዳ ሊረሳው ይችላል፤ አንቺ ግን ስምሽ ከነአያትሽ የሚታወቅበት መንገድ ነው።

እኔ፦ እንግዲያው ዋጃ ይሁን። ኮረም ለሌላ ዓመት። ሲነጋጋ ወጥቼ ሙቀቱ ሳይከፋ እመለሳለሁ።

ጋሼ፦ ዋጃ ይሆናል፤ የማውቃቸው ሰዎች ስላሉ ዛሬ ማታ እደውላለሁ። ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም። በአሥራ አንድ ተኩል ተነሺ። ማሽላው አሁን ደርሷል፤ ከራስሽ በላይ ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የምትሄጂው፣ ከውስጡ የጅራፍ ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ አትደንግጪ። ጤፉ ታጭዷል። ከዞብል የሚመጣ የአፋር ግመል ካገኘሽ ከሩቅ ፍጥነትሽን ቀንሺ፤ ግመል ሳይክል ይፈራል። ውሃ ካለቀብሽ ያየሽውን ደጅ ጥሪ። ውሃ ብለሽ አሬራ ይሰጡሻል፤ እንቢ እንዳትዪ።

እኔ፦ መቃብር አልፈልግም ማለት ነው።

ጋሼ፦ መቃብር ስታልፊ ግን ውረጂ።

ተነሥተው ወደ ሳይክሏ ሄዱ። እኔ ከጎሚስታው ያመጣሁትን አዲስ ከመነዳሪ አወጣሁ፤ የድሮው ስንት ቦታ እንደተለጠፈ ቆጥረን ስምንት ላይ ተውነው። ጋሼ ጎማውን በሁለት እጃቸው ከቸርኬው ሲያስገቡ ጣታቸው አልረሳም። እኔ ፖምፓውን ያዝኩ። ጎማው ቀስ እያለ ከመሬት ተነሣ። ጋሼ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

ጋሼ፦ ይዟል።

እኔ፦ ይበቃል?

ጋሼ፦ ይደር። ጠዋት እኔ ቀድሜ አየዋለሁ፤ ካልተነፈሰ እቀሰቅስሻለሁ።